መምህር ኤርጫፎና ጸጥ ያለው ላፕቶፕ

መምህር ኤርጫፎ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ባለፈው ሐምሌ ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ዕቃ እየተቀበልኩ ሳለ፣ የዳምቦያ መስመር ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣ "ያ ዓይነ ስውሩ መምህር፣ ደንበኛህ፣ አረፉ እኮ። አልሰማህም እንዴ?" አለኝ። የታመሙት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አለ። አፌን ከፍቼ ስቀር "ያዝ እንጂ" ብሎ ሁለተኛውን ካርቶን ለቀቀብኝ። ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ደህና አድርጌ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሱቄን እከፍታለሁ፣ የሰው ላፕቶፕ እፈታለሁ፣ ብሎኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። ሚስቴ "ምን ሆነሃል ከድር፣ ቁጭ በል እንጂ" ትለኛለች። ድሮም መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ሆሳዕና ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። አንዷ ደንበኛ ሃያ ጣቃ አስዘርግታ ምንም ሳትገዛ ብትሄድ "በሰላም ግቢ" ብለው አንድ በአንድ መልሰው ያጥፉ ነበር። እኔ ያንን ትዕግስት አልወረስኩም። የምነግራችሁም ነገር የመጣው ከዚሁ ነው።

መምህር ኤርጫፎ መጀመሪያ የመጡት ከማረፋቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው የቆለፉ ሰው። በነጭ በትራቸው የሱቄን ደፍ መታ መታ አደረጉና "ከድር የሚባለው ቴክኒሻን እዚህ ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባቴ፣ ይግቡ።"

"አባትህ አይደለሁም፣ መምህር ነኝ። ጸጥ ያለ ላፕቶፕ አለህ?"

ያገለገሉ ላፕቶፖች መሸጥ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሚሞሪው ስንት ነው፣ ፊልም ያጫውታል ወይ። ጸጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ሁሉም ጸጥ ያሉ ናቸው" አልኳቸው፣ እንደ ነጋዴ። "እስኪ አንዱን አምጣ" አሉ። ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ፣ ልክ ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጠው። በአንድ እጃቸው ደግሞ ዝም በል አሉኝ። ውጪ የመናኸሪያው ጠሪዎች "ዱራሜ፣ ዱራሜ፣ አንድ ሰው" እያሉ አገሩን ያናውጣሉ። እሳቸው ያዳምጣሉ። ቆይተው ቀና አሉና "ይሄ ወፍጮ ነው። ሌላ አምጣ" አሉኝ።

ሁለተኛውን "አስም አለበት" አሉት። ሦስተኛውን የጃጁራ ገበያ ነው ብለው ሳይጨርሱት ገፉት። እኔ በልቤ የቅዳሜ ቀኔን ሊበሉት ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። "መምህር፣ ኢርፎን አድርገው ድምፁን ከፍ ቢያደርጉትስ?" አልኳቸው።

ያኔ ነው ቁጭ ብለው ያስረዱኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተምራሉ፣ ዳምቦያ ወረዳ ውስጥ። በልጅነታቸው ኩፍኝ ነው ዓይናቸውን የወሰደው። ኮምፒውተሩ የተጻፈውን በድምፅ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው በግራ ጆሯቸው ኢርፎን ሰክተው ማስታወሻቸውን እየሰሙ ያስተምራሉ። "አንዱ ጆሮዬ ለማሽኑ፣ አንዱ ጆሮዬ ለልጆቹ ነው። ድምፁን ከፍ ካደረግኩ ልጆቹን አልሰማም። ዝቅ ካደረግኩ ደግሞ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ፋን ቃሉን ይበላብኛል። ሦስተኛ ጆሮ አልሰጠኝም" አሉ።

ሌላም ነገር ፈለጉ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እንድጭንበት። ቀድሞ የነበራቸው የሚያነብ ፕሮግራም የሚከፈልበት ነው፣ ካልተከፈለ በየአርባ ደቂቃው ድምፁ ይጠፋል። አርባ ደቂቃ ማለት ደግሞ የአንድ ክፍለ ጊዜ ልክ ነው። ሊነክስ ግን ሲጫን ጀምሮ በነፃ ይናገራል፣ አማርኛም ያነባል። አማርኛው ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ የሚናገረው ዓይነት ነው። ቢሆንም ያነባል። መምህር ያንን ድምፅ "ሰውየው" ይሉት ነበር። "ሰውየው ዛሬ ቸኩሏል"፣ "ሰውየው ይህን ስም አያውቀውም" ይላሉ። እኔ ሊነክስን በኮሌጅ ነው የማውቀው፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ቫይረስ ከበላው ኮምፒውተር የሰው ፋይል ላወጣ እጠቀምበታለሁ። በመናኸሪያው ዙሪያ እሱን የሚያውቅ ሌላ ቴክኒሻን ስላጡ ነው እኔ ዘንድ የደረሱት።

እንዲህ አጥብቀው መፈለጋቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር አዲስ ናቸው፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። ግን መምህር ደህና ማሽን በማጣት ተማሪ እያነበበላቸው፣ ሌላ ተማሪ ሰሌዳ ላይ እየጻፈላቸው ማስተማራቸው አላስደሰታቸውም። "ኅዳር ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቼ አያለሁ። ብቻዎን፣ በራስዎ ማሽን ክፍሉን ከመሩ ይቀጥላሉ። ካልሆነ ቤተ መጻሕፍት እመድብዎታለሁ" ብለዋቸዋል። መምህር ይህን ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው መደርደሪያዬን ይመቱ ነበር። እጃቸው አያርፍም። ቆመው ሲጠብቁ ይመታሉ፣ ተቀምጠው ሲያወሩ ይመታሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ከክፍል ያልወጡ ሰው ናቸው። "ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ምን ላደርግ ነው? የመጻሕፍት ጀርባ ልዳስስ?" አሉኝ።

ከሰኔ እስከ ኅዳር በየቅዳሜው መጡ። ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ጆሯቸውን አሳረፉ። አንድ ቀን ጃጁራ ላይ አንድ ነጋዴ ከመሥሪያ ቤት የወጡ አሮጌ ላፕቶፖች ይዟል ሲባል አብረን ሄድን። ገበያው መሃል፣ ሽንኩርት ከሚሸጡት ጎን፣ መምህር ተንበርክከው አንዱን ሲያዳምጡ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ "ምን ሆኖ ነው? ታሟል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። "ሳል አለበት፣ ግን አይሞትም" አሏት፣ ቀና ሳይሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ያን ቀን ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ ጣታቸው የሚኒባሱን መስታወት ሲመታ ዋለ።

ኅዳር ገባ። የዳይሬክተሩ ምልከታ አምስት ቀን ቀረው። እኔም መረረኝ፣ እውነቱን ልናገር። ጸጥ ያለ ላፕቶፕ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም ብዬ ደመደምኩ። ሐሙስ ዕለት ካሉኝ ሁሉ ትንሿን አንስቼ በካቻቢቴ ፈታኋትና የፋኑን ገመድ ነቀልኩት። ገመዱ እየተንከላወሰ ድምፅ እንዳያሰማ ጠቅለል አድርጌ ጥግ ላይ በቴፕ ለጠፍኩት። ሥራዬ ንጹሕ ነው፣ ለእሱስ አልታማም። አስነስቼ አንድ ሰዓት አየኋት፣ ደህና ሠራች። የሆሳዕና የኅዳር ጠዋት ነበር፣ እኔ ራሴ ጃኬት ደርቤ ነበር የምሠራው። ትሞቃለች እንጂ አትጠፋም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ መጡ፣ ጆሯቸውን አሳረፉ። "በርቷል?" አሉኝ። "በርቷል" አልኳቸው። "ሰውየው" አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበላቸው። እንደገና ጆሯቸውን አሳረፉ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ከድር፣ አገኘኸው" አሉኝ። እኔም "አገኘሁት" አልኩ። ይህን ስል አላፈርኩም። እንዲያውም ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምልከታው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጠዋት ጀምረው ማስታወሻቸውን ሲያዳምጡባት ውለዋል፣ ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐዩ ከላይ ይወቅጣል። ትምህርቱ ከተጀመረ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግላ ጠፋች። አስነሷት፣ እንደገና ጠፋች። ያለ እሷም ሊቀጥሉ ሞክረው ነበር። ግን ዳይሬክተሩ ሊያዩ የመጡት ክፍሉን በማሽኑ መምራታቸውን ነው፣ የዚያን ቀን የተማሪዎች ስም ዝርዝርና መልመጃም እሷው ውስጥ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ዳይሬክተር ደብተራቸውን ሲዘጉ ሰማሁ ብለውኛል። የወረቀት ድምፅ ነው፣ ግን ሰሙት።

በማግስቱ ሱቄ መጡ። ላፕቶፗን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና "ክፈታት" አሉኝ። የኋላ ክዳኗን ፈታሁ። ጣታቸውን ሰደው ፋኑን ዳሰሱ፣ ከዚያ ገመዱን ተከተሉት። እስከ ጥጉ ድረስ ተከተሉት። እዚያ ቆሙ።

"ይሄ መሰካት ነበረበት?"

"አዎ መምህር።"

"ታዲያ ምን ነቀለው?"

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ማንም አይሰማኝም ነበር። ግን በአንድ ከተማ ውስጥ የቴክኒሻን ስም አንዴ ከወደቀ አይነሳም፣ የትምህርት ቤታቸውን ፕሪንተሮችም የምጠግነው እኔ ነኝ። "የዳምቦያ መንገድ ነው፣ መምህር። ሚኒባሱ አንገጫግጮት ይሆናል" አልኳቸው።

ጣታቸውን ከጥጉ አላነሱም። "እሺ" አሉ። "መንገዱ ነው።"

ከሳምንት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተመደቡ።

እንግዲህ መምህር ሁለተኛ ሱቄን አይረግጡም ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን አልተዉም። ጥግ ያለችውን ዱካ ስበው ይቀመጣሉ፣ ስለ ዳምቦያ ዝናብ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት፣ ስለ "ሰውየው" አነባበብ ያወራሉ። እኔ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ዛሬ ሰው አለ፣ ሌላ ቅዳሜ። ዛሬ ደስ ብሏቸዋል፣ ለምን አበላሸዋለሁ፣ ሌላ ቅዳሜ። እሳቸው እስኪሄዱ ቆሜ እውላለሁ፣ አንዴ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ አንዴ አቧራ እጠርጋለሁ። ያ ሁሉ ወር እንዲሁ አለፈ፣ መጋቢት ደረሰ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ላፕቶፕ መጥቶልኝ ስለነበር አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ጆሯቸውን አላሳረፉም።

"ከድር፣ አሁን ጸጥ ያለ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። "ቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ሞልቷል። የምሰማው ልጅ የለኝም፣ ሁለቱም ጆሮዬ ሥራ ፈቷል። የሚጮኸውን ስጠኝ፣ ይሆነኛል።"

ሳይማረሩ ነው ያሉት፣ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው። እኔ ግን አላስቻለኝም። "መምህር፣ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"እዚህ ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ።

"አለ። አምስት ሰው።"

"እንግዲያው ድገመው፣ ይስሙህ።"

ደገምኩት። ፕሪንተር ልታሠራ የመጣችው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መሬት መሬቱን ታያለች፣ አንዱ ወጣት ሳቁን ይይዛል። መምህር ኤርጫፎ ኮፍያቸውን አደረጉ። "የዳምቦያ መንገድ ብዙ ነገር ይነቅላል። ቴፕ ግን አይለጥፍም" አሉኝ። "ያኔ በጣቴ ስነካው ነው ያወቅኩት። አራት ወር ፈጀብህ።"

"ለምን ታዲያ አልነገሩኝም?"

"የአንተን ለአንተ ልነግርህ? ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን ከተጣላሁ ሊነክስ የሚጭንልኝ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ አላውቅም።" እኔ በዚህ ሳቅሁ። ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ነው። "አትሳቅ። ዝጋና ተነስ፣ ዳምቦያ እንሄዳለን። ለእኔ የነገርከኝን ለዳይሬክተሩም ትነግራቸዋለህ" አሉኝ።

ሱቄን በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ ዘግቼ ተከተልኳቸው። ዳይሬክተሩን ከቤታቸው አገኘናቸው፣ ጓሮ ውስጥ እንሰት ሲያርሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ገመዱን፣ ቴፑን፣ ውሸቱንም። እጃቸውን እየጠረጉ አዳመጡኝ። "የትምህርት ቤቱን ፕሪንተሮች የምትጠግነው አንተ ነህ አይደል?" አሉኝ። "ነኝ" አልኳቸው። "ነበርክ" አሉኝ። ከዚያ ወደ መምህር ዞረው "ከፋሲካ በኋላ ሌላ ክፍለ ጊዜ እሰጥዎታለሁ። ይህ ግን የመጨረሻው ነው" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ከመጀመሪያውም ላደርገው የሚገባኝን ነው። አዲስ ላፕቶፕ ፍለጋ አልወጣሁም። መምህር መጀመሪያ ቀን "አስም አለበት" ያሉት እዚያው መደርደሪያዬ ላይ ነበር፣ ማንም አልገዛውም። ፈታሁት። እፍኝ የሚሞላ አቧራ ወጣው። ፋኑን አጠብኩ፣ የፕሮሰሰሩን ደረቅ ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ የማይሽከረከር አስገባሁ። ቀለል ያለ ሊነክስ ጫንኩ፣ ፕሮሰሰሩ ያለ ሥራው እንዳይፋጠን አድርጌ አስተካከልኩ። ማዳን እየቻልኩ ነው ለካ ግማሽ ዓመት ሙሉ ከገበያ ገበያ ያንከራተትኳቸው። ሦስት ቀን ከወንበሬ ሳልነሳ ሠራሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳላጠፋ ሞከርኩት።

መምህር መጥተው ጆሯቸውን አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። በእጃቸው ጀርባ አየር መውጫውን ነኩና "ይተነፍሳል" አሉ። "ክፈተውና ገመዱን ልንካው።" ከፈትኩት፣ ነኩት። የእምነት ጉዳይ አልነበረም ያን ቀን፣ ማረጋገጥ ነበር። ልክ ነበሩ።

በሁለተኛው ምልከታ ኋላ ዴስክ ላይ ከዳይሬክተሩ ጎን እንድቀመጥ ያደረጉኝ ራሳቸው ናቸው። "ከጠፋ አንተም እዚያው ትሆናለህ" ነው ያሉኝ። ሚያዝያ ነው፣ ክፍሉ ይጋገራል። ኢርፎናቸውን በግራ ጆሯቸው ሰኩ፣ ቀኙን ወደ ልጆቹ አዞሩ። ስለ ጥንቱ የሲራራ ንግድ ነበር ትምህርቱ። ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ፣ ሰውየው በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፣ እሳቸው ይናገራሉ። መሃል ላይ ንግግራቸውን አቁመው "ከመስኮቱ ጎን፣ ሁለተኛው ዴስክ፣ ወሬያችሁን ጨርሱና እንቀጥላለን" አሉ። ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔ እንኳ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ልጆቹን አልሰማኋቸውም ነበር። ጣቶቻቸውን አየሁ፣ ጠረጴዛውን አይመቱም። እንዲያ አርፈው አይቻቸው አላውቅም። ደወሉ ተደወለ። ዳይሬክተሩ "ከሰኞ ጀምሮ ክፍልዎ ነው" አሏቸው። መምህር ግቢውን ሲያቋርጡ በትራቸው ፊት ፊት እየሮጠ ነበር፣ እኔ ልደርስባቸው አልቻልኩም። የታደለ ሰው አረማመድ ነው ብዬ በልቤ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ሚያዝያ እስከ ቀጣዩ ዓመት ሰኔ አስተማሩ። ሐምሌ ላይ አረፉ።

ታሪኩን ያወቁ ሰዎች "በመጨረሻ ክፍላቸውን መለስክላቸው፣ ይህ አይበቃህም?" ይሉኛል። ባለቤታቸውም ለቅሶ ስደርስ እንዲያ ነው ያሉኝ፣ እንደ ልጅ አቅፈው። እኔ ግን ማረፋቸውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ማልቀስ አይደለም፣ መቁጠር ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ። አሥራ አራት ወር ብቻ ነው የቀራቸው የነበረው። ሱቄ ውስጥ አራት ወር ፈጀብህ ሲሉኝ ብዙ ዕድሜ ያላቸው መስሎኝ፣ አራት ወር ምንም አይደለም ብዬ አልፌው ነበር። ያን አራት ወር ሁሉ ክፍሉ እዚያው ነበር፣ ልጆቹ እዚያው ነበሩ፣ እሳቸውም ጤነኛ ነበሩ። የሚጠበቀው የእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ በየቅዳሜው ፊት ለፊታቸው ቆሜ አቧራ እጠርግ ነበር።